ዘጠኝ ዓመት ያላየሁት ሊማሊሞ

ከጥምቀት መልስ አንድ ፎቶ ለጥፌ «ታሪኩን በኋላ እነግራችኋለሁ» ብዬ ጠፋሁ። ገደል አፋፍ ላይ ሁለት ሰው ቆመን የምንታይበት ፎቶ ነው። ጋቢ የደረብኩትና ፊቴ የገረጣው እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ «ያ ከጎንህ ያለው ማነው?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። የደባርቅ ተማሪዎቼ ደግሞ ሳትጠይቁ አውቃችሁታል። ሰሞኑን ልጽፈው እቀመጥና እተወዋለሁ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ስለ ተራራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ በ1990ዎቹ ደባርቅ ላይ ዘጠኝ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ታሪክ! የፈረንሳይ አብዮትን በቀን በቀኑ፣ የቪየናን ጉባኤ፣ የቢስማርክን ጦርነቶች ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው እጄን ልጦታል። የአጼ ቴዎድሮስን ዘውድ መጫንም አስተምሬያለሁ፤ «ደረስጌ ማርያም» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ አልፌያለሁ። ደረስጌ እዚያው ስሜን ውስጥ እንደሆነች፣ ከክፍሉ ልጆች አንዳንዶቹ ዘመድ እዚያ አካባቢ እንዳላቸው፣ እኔ ግን ዐይቻት እንደማላውቅ አልተናገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ልጅ ሲቀር።

ያ ልጅ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን የሚቀር፣ ሲመጣ ደግሞ ሱሪው ላይ የበቅሎ ፀጉር የማይጠፋ ልጅ ነበር። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስናወራ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ወልከፊት የተደረገውስ መቼ ነው የምንማረው?» አለኝ። ወልከፊት ከከተማው ወጣ ስትሉ ያለው የገደሉ በር ነው። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ለፈተና የማይመጣ ነገር አታንሳ፤ ይልቅ አትቅር» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ስለ ወልከፊት አንድ ዐረፍተ ነገር የማውቀው አልነበረኝም።

በዚያው ዓመት ፈተና ሳይፈተን ቀረ። በማግስቱ መጥቶ «ተራዬ ደርሶ ነው ቲቸር» አለኝ። የምን ተራ? የሰበብ ተራ መሰለኝ። ዜሮ ሰጠሁት። ሌሎች መምህራንም እንደዚያው። ወደቀ፤ በሚቀጥለው መስከረም ተመልሶ አልመጣም። እኔም ረሳሁት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ።

አሁን ወደ ጉዞው እንሂድ።

ዘንድሮ ጥምቀትን ጎንደር አሳለፍኩና፣ መንገዱም ሰላም ነው ሲሉኝ፣ በማግስቱ ማለዳ የደባርቅ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስተማሪ ሳለሁ ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ወይ አንገቴን ደፍቼ እተኛ ነበር ወይ የደመወዝ ሒሳብ እሠራ ነበር። ዘንድሮ የመስኮት ወንበር ያዝኩ። አምባ ጊዮርጊስን ስታልፉ ወገራ ይዘረጋል። ሜዳው የተበላ ገብስ ነው፤ ክምሩ ገና ያልተወቃ፣ በሬው ውድማ ላይ የሚዞር። ብርዱ ግን ያው የድሮው ነው። ዳባት ቁርስ ለመብላት ወረድን፤ ሻዩን ሁለት እጄ ይዤ ነው የጠጣሁት።

ዳባትን ብዙ ሰው የመኪና ማረፊያ አድርጎ ነው የሚያውቃት። የጤና ሰዎች ግን በሌላ ያውቋታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ የወረዳውን ቤተሰቦች ቤት ለቤት እየዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያለ የሚመዘግብበት የምርምር ማዕከል እዚያ ነው። ስለ ገጠር ጤናችን የተጻፉ ስንትና ስንት ጥናቶች ከእነዚህ የዳባት ጎጆዎች የተነሱ ናቸው። አብሮኝ የተሳፈረ አንድ ሽማግሌ ይህን ስነግራቸው ሰሙኝና በአገጫቸው ወደ አንድ ጋራ ጠቆም አድርገው፣ «ያ ጭና ነው» አሉ፤ ከዚያ ዝም። የ2013ቱን ነሐሴ ማለታቸው ነው። በጦርነቱ ወቅት ጭና ላይ ስለተገደሉት ገበሬዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ያልሰማ የለም። እኔም ዝም አልኩ። የመዝገብ ወሬዬን አቆምኩት።

ደባርቅ ስደርስ ከተማዋ በጣም ሰፍታለች። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ሆቴሎች በዝተዋል፣ ባጃጁ መንገድ አያሳልፍም። የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግን ያው እዚያው ነው። በሩ ላይ ከቆሙት አስጎብኚዎች አንዱ ወደ እኔ መጥቶ በእንግሊዝኛ ሰላም አለኝ፤ ኮፍያዬና ቦርሳዬ የዲያስፖራ አስመስሎኝ ነው መሰለኝ። ቀና ብዬ በአማርኛ ስመልስለት ቆሞ አፈጠጠብኝ።

«ቲቸር?»

እሱ ነው። ጢም አብቅሏል፣ ትከሻው ሰፍቷል። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎ እኔ ስሙን ለማስታወስ ስታገል እሱ የትኛው ሴክሽን እንደነበረ፣ የቱ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉ ነገረኝ። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመኝ። «ምን ልታዩ መጡ?» ሲለኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ «ወልከፊትን» ነው። ሳቀ። ያን ሳቅ አወቅሁት።

ነገ አላለም። በባጃጅ ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰደኝ።

ወዳጆቼ፣ እዚያ ቆሞ ማየትን እንዴት ልንገራችሁ? ደባርቅ ላይ ስትሆኑ ሜዳ ላይ ያላችሁ ነው የሚመስላችሁ። እርሻ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ ቤት። ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቃል። በቃ ያልቃል። ከእግራችሁ ሥር ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ታች እነ ዛሪማ፣ እነ አዲ አርቃይ፣ ከዚያ ወዲያ የተከዜ በረሃና የዋልድባ ገዳም አገር በጭጋግ ይታያል፤ እህል የማይቀምሱት፣ በቋርፍ የሚኖሩት መነኮሳት አገር። አንዱ ተራራ እንደ አውራ ጣት፣ አንዱ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ቆሟል። በዚህ ገደል ፊት ላይ ነው ጣልያን በወረራው ዘመን የሊማሊሞን መንገድ እንደ እባብ እየጠመዘዘ የቆረጠው። ስንቱ አገራችን ሰው ጉልበቱን፣ ስንቱስ ሕይወቱን እንደከፈለበት ድንጋዩ አይናገርም። የጭነት መኪኖች እስካሁን በፍሬን እየተንሲያጠጡ ይወርዱታል።

ልጁ ግን በመኪናው መንገድ አልወሰደኝም። «ይሄ አዲሱ ነው፤ እኛ በአሮጌው እንውረድ» አለኝ። አሮጌው የበቅሎ መንገድ ነው። ከመኪናው መንገድ መታጠፊያዎች መሃል ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ድንጋዩ በሰኮና ተልጎ የለሰለሰ። ይህ መንገድ እንግዲህ ጎንደርን ከምጽዋ ያገናኝ የነበረ የነጋዴ መንገድ ነው። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ወደ ላይ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ወደ ታች የሚያልፈው በዚህ ነው። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ጀበርቲዎች ነበሩ። ሊማሊሞ ላይ ኬላ ነበር፤ ቀረጥ ሳይከፍሉ ማለፍ የለም። ደግሞስ በየት ይታለፋል? ግራው ገደል፣ ቀኙ ገደል!

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ከምጽዋ ተነስቶ በአድዋ፣ በሽሬና በተከዜ አድርጎ ይህን ዳገት ወጥቶ ነው በ1770 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ ጎንደር የገባው። ክፍል ውስጥ ስለ ብሩስ አስተምሬያለሁ እኮ! የዓባይን ምንጭ ፍለጋ፣ ጊሽ ዓባይ፣ ምናምን። ከመኖሪያ ቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ እንዳለፈ ግን አንድም ቀን አልመጣልኝም። ልጁ ስለ ብሩስ ሲያስረዳኝ ከኔ በላይ ያውቃል። ከየት አመጣኸው ስለው፣ «አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ መጽሐፉን ይዞ መጥቶ፣ ገጽ እየገለጠ እኔን መንገዱን እየጠየቀ ወረድን። እሱ መጽሐፉን ያውቃል፣ እኔ መንገዱን። ሲሄድ መጽሐፉን ሰጠኝ» አለኝ።

ቁልቁለቱ ጉልበቴን ሲያንቀጠቅጠው አንድ ቋጥኝ ላይ አረፍን። ቆሎ አወጣ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ አፋፉ እያሳየኝ ወልከፊትን ነገረኝ። እኔም ዕድሜ ለጡረታ፣ በመካከሉ አንብቤ ስለነበር እየተቀባበልን አወራነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ነው። በዓሉንም በዚያ ቀን ነው የምናከብረው። ጦርነቱ ግን በዚያ ቀን አላለቀም። ጎንደርና አካባቢዋ ገና በጣልያን እጅ ነበሩ። ወልከፊት ላይ ኮሎኔል ጎኔላ የሚባል አዛዥ 3,000 ገደማ ወታደር ይዞ መንገዱን ዘግቶ ተቀምጧል። ከትግራይ በኩል ወደ ጎንደር የሚመጣ ጦር በዚህ ገደል ፊት መውጣት ነበረበት፤ ከላይ መድፍ ተጠምዶበት ማን ይወጣዋል? ስለዚህ ለወራት ተከበበ። የእነ ደጃዝማች አያሌው ብሩ አርበኞች፣ የእንግሊዝ መኮንኖች፣ በኋላም የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ፣ ማለትም ከኬንያና ከጎረቤቶቿ የተመለመሉ ጥቁር ወታደሮች፣ ዙሪያውን ያዙት። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ብርድና ጉም። በመጨረሻ ረሃብም ተጨምሮበት ምሽጉ እጅ የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም ነው። ጎንደር ነፃ የወጣችው ደግሞ ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ፣ በኅዳር።

እንግዲህ አስቡት። የደባርቅ ሰው «የድል ቀን» ሚያዝያ 27 ነው ተብሎ ሲማር፣ በዚያን ቀን አያቱ ገና በጣልያን መድፍ ሥር ነበር። ልጁ ያን ጊዜ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። አያቱ የነገሩትና እኔ የምነግረው ቀኑ አልገጠመለትም። እኔ ደግሞ «ለፈተና አይመጣም» አልኩት።

ሌላም ነገር አለ። እጅ ከሰጡት ግማሽ ያህሉ ጣልያኖች አይደሉም፤ በጣልያን ሥር የተሰለፉ የእኛው ጥቁር ወታደሮች ናቸው። ልጁ ይህንን ለእንግዶቹ እንደሚነግር ጠየቅሁት። «ከጠየቁኝ እነግራለሁ። የአገር ሰው ሲሆን ግን አላወራውም፤ የማን አያት የት በኩል እንደነበረ እዚህ ይታወቃላ» አለኝ። ይህንን ደግሞ የትኛውም መጽሐፍ አይነግራችሁም።

ከዚያ እኔ ነገሩን አነሳሁት። በልቤ ሲከነክነኝ ነበር። «ያኔ ተራዬ ደርሶ ነው ያልከኝ ምን ነበር?» አልኩት።

ተገረመ፤ ረስቼዋለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ አስረዳኝ። የበቅሎ ባለቤቶች የሚሠሩት በተራ ነው። ስንት በቅሎ ያለው ስንት ሰው በዝርዝሩ ላይ አለ፤ ቱሪስት ሲመጣ ተራው የደረሰ ይሄዳል። ተራህ በደረሰበት ቀን ካልተገኘህ ዝርዝሩ አንተን አልፎ ይሄዳል፤ እንደገና እስኪዞር ወር፣ አንዳንዴ ሁለት ወር። አባቱ እግራቸውን ታመው ቤት ውለው ነበር። በቅሎዋ ግን ተራ ነበራት። «አንድ ጉዞ አምስት ቀን ነው ቲቸር። የአምስት ቀን ገንዘብ ከታለፈ በዚያ ወር እኛ ቤት ዘይት የለም።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ክስ የለም፤ የአውቶቡስ መርሐ ግብር እንደሚያስረዳ ሰው ነው።

«ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ነገርኩዎት እኮ። ተራዬ ደርሶ ነው አልኩ።»

እውነት ነው፤ ነግሮኛል። ዘጠኝ ዓመት በኖርኩበት ከተማ ግማሹ ቤተሰብ የሚተዳደርበትን ቃል አላውቀውም ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ተዉ ቲቸር» አለና ቆሎውን አቀበለኝ። «በኋላ ማታ ተምሬ ጨርሻለሁ» ሲለኝ ቀለል እንዲለኝ ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል። ቀለል አላለኝም። ግን ተነስተን ወረድን፤ ታች መታጠፊያው ላይ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ አግኝተን በመኪናው መንገድ ወደ ላይ ተመለስን።

በሁለተኛው ቀን ወደ ፓርኩ ገባን። መታወቂያ አሳይታችሁ፣ የመግቢያችሁን ከፍላችሁ፣ ስካውት ይመደብላችኋል። የኛ ስካውት ክላሽ ያነገቱ፣ የላስቲክ ጫማ ያደረጉ፣ ከኔ በዕድሜ የማያንሱ ሰው ናቸው። «አያ፣ ቀስ እያልን» ስላቸው፣ «መምህር፣ ተራራ ላይ የቸኮለ የለም፤ የቸኮለ ታች ነው ያለው» አሉኝና ወደ ገደሉ አዩ። እስከ ሳንቃበር በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ አሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል።

አስታው ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበታል። ጅባራው ከፍ ባለው በኩል ይጀምራል። ጭላዳዎቹን ገና ከሩቅ ሰማናቸው፤ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ከዚያ መቶ፣ ሁለት መቶ ሆነው ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ አገኘናቸው። ሌሎቹ ዝንጀሮዎች ያገኙትን ሲበሉ፣ ጭላዳ ሣር ለቃሚ ነው። ቀን ሜዳ ላይ ይውላል፣ ማታ ከነብርና ከጅብ ለመሸሽ ገደሉ ፊት ላይ ወርዶ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እንደገና ይወጣል። ደረታቸው ላይ ያለው ቀዩ ቆዳ እንደ ማኅተም ያበራል። በሦስት ሜትር ርቀት ቁጭ ብዬ አየኋቸው፤ አንዷ እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ አለፈችኝ፤ ዞር ብላም አላየችኝ። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስኖር ጭላዳን ያየሁት በፖስት ካርድ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ?

ጅንባር ፏፏቴን ከማዶ ሆነን አየነው። በበጋ ቀጭን ክር ነው፤ ገደሉ ግን ክረምት ሆነ በጋ ያው ነው፤ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ዋልያ አላየንም። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደው ከዚህ ገደል ነው። ስካውቱ ድሮ በአንድ ጠዋት የሚያዩትን አሁን በሦስት ቀን አያዩትም። «ጦርነት ሰው ብቻ አይደለም የሚፈጅ» አሉኝ።

ስለ ፓርኩ ትንሽ ልበል። ፓርክ ሆኖ በአዋጅ የተቋቋመው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ሰዎች ከተራራው ወርደው ደባርቅ እንዲሰፍሩ መደረጋቸው ነው። ከ400 በላይ አባወራ። ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ደጋማዎች።

ማታ ደባርቅ ስንመለስ ልጁ ሻይ ወደምትሸጥ አንዲት ሴት ቤት ወሰደኝ። «እታለም፣ ይሄ አስተማሪዬ ነው» አላት። የግጭ ሰው ናት። ከየት መጣችሁ ስትል ከሳንቃበር አልናት። «ግጭን አያችሁት?» አለች። ከሩቅ አልናት። «ሣሩ ተመልሷል ይላሉ።» አዎ፣ ተመልሷል ይባላል አልናት። «ደግ ነው። እሱ ሲመለስ እኛ ወረድና።» ሻዩን ቀድታ ሰጠችን። ምሬት ነው? ቀልድ ነው? ሁለቱም ይመስለኛል። ልጆቿ አሁን ትምህርት ቤት ቅርብ ሆኖላቸዋል፣ ሐኪም ቤትም እንዲሁ፤ ይህንንም ራሷ ነገረችኝ። መሬት ግን የለም፤ መሬት የሌለው ገበሬ ከተማ ውስጥ ምን ይሆናል? ሻይ ይሸጣል። በ2011 ሚያዝያ ላይ ተራራው ሲቃጠል፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ በቅጠልና በአካፋ ሲታገሉ ከሰነበቱት የአካባቢው ሰዎች መካከል የእሷ ባል እንደነበረም ነገረችኝ። የወረደበትን ተራራ ሊያጠፋ ወጣ። እኔ ይህን ስሰማ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።

ደረስጌስ? ደረስጌ አልደረስኩም። በጃናሞራ በኩል፣ ከመካነ ብርሃን አካባቢ ናት፤ ጉልበቴም ቀኔም አልበቃም። ግን ልጁ ከአፋፉ አቅጣጫዋን አሳየኝ። ደጃዝማች ውቤ ጀርመናዊውን የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐርን ጭምር አሠርተው ያቆሟት ቤተ ክርስቲያን ናት። ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጡትም ውቤ ናቸው። የካቲት 1847 ዓ.ም ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሱና፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። በኋላም የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ከመቅደላ በኋላ እንግሊዝ አገር ተወስዶ እዚያው የቀረው ልዑል ዓለማየሁ የውቤ የልጅ ልጅ ነው። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ክፍል ውስጥ «ደረስጌ ማርያም» ብዬ ከሥሩ አስምሬ ያለፍኩት ቃል ውስጥ ይህ ሁሉ ነበረ ለማለት ነው።

ስንለያይ ልከፍለው ስል እምቢ አለ። ተከራከርን፤ በመጨረሻ «እንግዲያው የስካውቱንና የመኪናውን ይክፈሉ፤ የኔን ግን አይሆንም፤ አስተማሪዬ ነዎት» አለ። አስተማሪዬ ሲል ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከኮሮና ወዲህ፣ ከዚያም ጦርነቱ ሲመጣ፣ ቱሪስት የለም። ተራው ከወር ወደ ዓመት ሄዷል። በቅሎዎቹን የሸጠ ብዙ ነው። ፈረንጅ እስኪመጣ ከምንጠብቅ የአገር ሰው ቢመጣልን ምን አለ፤ ተማሪዎችዎ በየቦታው አሉ፣ ንገሩልን አለኝ።

ስለዚህ እየነገርኳችሁ ነው። አገሩ ሰላም በሆነበት ሰሞን፣ የአካባቢውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ፣ ሂዱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው። ጋቢም ቡልኮም ያዙ፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ባለ ጠፍጣፋ ሶል ጫማ አትሞክሩ፤ እኔ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሊማሊሞን በእግር ውረዱ፤ ትንፋሻችሁ ከከፍታው ይለማመዳል። አስጎብኚ ያዙ፣ በቅሎ ተከራዩ፤ ባትፈልጓትም ተከራዩ። መምህራን ከሆናችሁ ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ካልቻላችሁም የምታስተምሩበት ከተማ ውስጥ «ተራዬ ደርሶ ነው» የሚል ልጅ ሲመጣ፣ የምን ተራ ብላችሁ ጠይቁት።

የደባርቅና የዳባት ልጆቼ፣ ከናንተ ደግሞ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። አያቶቻችሁ ስለ ወልከፊት፣ ስለ ሊማሊሞ ኬላ፣ ስለ ደረስጌ የነገሯችሁን ከሥር ጻፉልኝ። አጭርም ቢሆን። ቀኑ ከመጽሐፉ ጋር ባይገጥም አትፍሩ። ያኔ ልሰማችሁ ይገባኝ ነበር፤ አሁን ጊዜ አለኝ።

ለደረስጌ በሚቀጥለው ጥምቀት ማግስት ቀጠሮ ይዘናል። በቅሎዋን እሱ ያመጣል፤ ተራዋም ይደርሳል ብሏል።